የእንግሊዝኛ ግስ በወሎ ደጋ

በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባለው ደጋ፣ ግስን አርብቶ የማስተማር ልማድ ከእንግሊዝኛ መምጣት እጅግ ይቀድማል። እንደ አማራ ሳይንት ተድባበ ማርያም ያሉ ጥንታውያን ደብሮች በሚገኙበት በዚህ አገር የቅኔ ተማሪ «ቀተለ ገደለ፣ ይቀትል ይገድላል፣ ይቅትል ይገድል ዘንድ፣ ይቅትል ይግደል» እያለ ስምንቱን የግስ አርእስት ከቀተለ እስከ ቆመ ያረባል። ሙስሊሙ ደረሳ ደግሞ ሸኹ ዘንድ ተቀምጦ የዐረብኛውን ሰርፍና ነሕው፣ ማለትም የቃል እርባታና ሰዋስው፣ ይቀራል፤ ወሎ በነሕው ሊቃውንቷ የታወቀች ናት።

ሁለቱ ትምህርቶች በአንድ ነገር ይገናኛሉ። የግዕዙ «ይቀትል» ትንቢት ይባል እንጂ አሁን ለሚሆነውም ያገለግላል፤ የዐረብኛው ሙዳሪዕም የአሁኑንና የሚመጣውን በአንድ መልክ ይይዛል። አማርኛም ከዚህ አይርቅም። «ይሄዳል» ሲባል የዘወትር ልማድም፣ የነገ ጉዞም ሊሆን ይችላል። «ራበኝ» የሚል ሰው ደግሞ በኃላፊ አንቀጽ የሚናገረው አሁን ስለሚሰማው ረኃብ ነው።

እንግሊዝኛ ወደ ትምህርት ቤት በሰፊው የገባው ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ፈረንሳይኛ ይበልጥ ይከበር ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ያለው ትምህርት በእንግሊዝኛ ቀጠለ። በ1955 የትምህርት ዘመን ከአሜሪካ የመጡት ከ270 በላይ የሰላም ጓድ መምህራን በአገሪቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተሰማሩ። በዚያን ጊዜ በወሎ ዋነኛው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደሴ ያለው ወይዘሮ ስሕን ነበር፤ ለመካነ ሰላምና ለሳይንት ልጅ ይህ ሩቅ መንገድ ነው።

ተማሪውን ያስቸገረው የእንግሊዝኛ ግስ ብዛት አይደለም፤ ቁጥብነቱ ነው። አማርኛ እሄዳለሁ፣ ትሄጃለሽ፣ ይሄዳል፣ እንሄዳለን እያለ ባለቤቱን ሁሉ በግሱ ላይ ያሳያል። እንግሊዝኛ ግን «አይ ጎ፣ ዩ ጎ፣ ዊ ጎ፣ ዘይ ጎ» ብሎ አንዱን ቃል ለሁሉም ይሰጥና ለአንድ ሦስተኛ መደብ ብቻ «ሺ ጎዝ» ይላል። የጥንቱ እንግሊዝኛ በየመደቡ መድረሻ ነበረው፤ ብዙው ረግፎ የቀረው ይህ በጽሕፈት «ስ» የሆነው መድረሻ ነው። በ1611 እ.ኤ.አ. በታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ እንኳ በቦታው ሌላ መድረሻ ይታያል። ችግሩን የሚያብሰው ይኸው «ስ» በስም ላይ ብዙን ማመልከቱ ነው፤ ስለዚህ «ዘይ ጎዝ» ብሎ የሚጽፍ ልጅ የራሱን ደንብ ተከትሏል። በዚህ ላይ የወሎ ልጅ አባቱን አንቱ ይላል። «አባቴ ይሄዳሉ» የለመደ አፍ «ማይ ፋዘር ጎ» ቢል አያስደንቅም፤ አክብሮቱ ግሱን የብዙ አድርጎበታል።

ሁለተኛው መሰናክል «ኢዝ ጎይንግ» ነው። ከአማርኛው «እየሄደ ነው» ጋር ስለሚመሳሰል ተማሪው ቶሎ ይይዘዋል። ይሁንና ማወቅን፣ መውደድንና ማመንን በመሳሰሉ ግሶች ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይገባም፤ «አይ አም ኖዊንግ» የሚለው ስሕተት የሚመጣው ከዚህ ነው።

በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ የሚሰጥ ትምህርት ሆነ። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ የገባው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ደግሞ ያልገባውን ልጅ ቆሞ የሚጠብቅ አልነበረም። ዛሬ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎች አሉት። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ለውጦች አንዱም የአካባቢውን የግስ እውቀት የእንግሊዝኛ መማሪያ አላደረገውም፤ ይህም ትልቅ ጉድለት ነው። የደጋው መምህራን የእንግሊዝኛውን የግስ ሠንጠረዥ ከማስሸምደዳቸው በፊት የቅኔ መምህሩንና የሸኹን እርባታ ቀርበው ሊያዩ፣ የአማርኛውን «ይሄዳል» ከእንግሊዝኛው ጎን አስቀምጠው ሊጀምሩ ይገባል።