ስለ ቃሊቲ አፈርና ስለ አቃቂ ውሃ

የአንድ ከተማ ታሪክ ሲነገር ቤተ መንግሥቱ፣ አደባባዩና ገበያው ይወሳል እንጂ ከመሬት በታች ያለው ነገር የሚታወሰው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ዛሬ የምንነግራችሁ ስለዚሁ ስለማይታየው ነው፤ ይኸውም በዐዲስ አበባ ደቡብ ዳርቻ፣ በቃሊቲና በአቃቂ ስላለው አፈርና ከአፈሩ በታች ስለሚሄደው ውሃ ነው።

አቃቂ የፋብሪካ አገር የሆነችው እንዲያው በዕድል አይደለም። የምድር ባቡሩ ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. ዐዲስ አበባ የገባው በአቃቂ በኩል አልፎ ነው። ሜዳው ሰፊ፣ ወንዙ ቅርብ፣ መንገዱም ወደ ወደብ የሚያወርድ ስለ ሆነ ፋብሪካ ለማቋቋም ያሰበ ሁሉ ዐይኑን የሚጥለው በዚህ ስፍራ ላይ ነበር። (ለሬዲዮ ሰዎችማ አቃቂ ሌላም ክብር አላት፤ በ1927 ዓ.ም. የተመረቀው የሬዲዮ ማሰራጫ ጣቢያ የቆመው በዚያ ነውና።) በ1950ዎቹ መጀመሪያ የሕንድ ባለ ገንዘቦች ከኢትዮጵያ ጋራ ተሻርከው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተከሉ፤ ከዚያም ወዲህ የብረታ ብረት፣ የቆዳና የሌላም ዕቃ ፋብሪካዎች በአካባቢው ተበራከቱ። በዚያን ዘመን የጭስ ማውጫ ማየት የሥልጣኔ ምልክት ነበር። ማቅለሚያ ያለበት ውሃ ወዴት ይሂድ ብሎ የጠየቀ ቢኖር መልሱ «ወደ ወንዙ» የሚል ነበር። የዘመኑን ሹማምንት በዚህ ብቻ መውቀስ ፍትሐዊ አይመስለኝም፤ የእንግሊዟ ማንቸስተርም በሠለጠነችበት ጊዜ ያደረገችው ይህንኑ ነበር።

ትልቁና ትንሹ አቃቂ ከተማውን አቋርጠው ወደ ደቡብ ይወርዱና በአባ ሳሙኤል ግድብ ይገናኛሉ። ይህ ግድብ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1930ዎቹ ተሠርቶ ለዋና ከተማው መብራት ሲሰጥ ከኖረ በኋላ ደለል ሞላውና ሥራውን አቆመ፤ በቻይናውያን ተቋራጮች ታድሶም በ2009 ዓ.ም. ዳግመኛ ሥራ ጀመረ። መኪናዎቹ ታደሱ እንጂ ደለሉ የዋዛ አይደለም። እንደ ክሮሚየም ያሉት ብረት ነክ ነገሮች ከደቃቅ ጭቃ ጋራ ተጣብቀው ይወርዳሉና የሐይቁ ወለል ከተማዋ በየዓመቱ የጣለችው ሁሉ ተራ በተራ የተቀመጠበት መዝገብ ቤት ሆኗል። በወንዙ ዳር ያለው የጎመንና የሰላጣ እርሻም ከዚሁ ውሃ ሲጠጣ ኖሯል፤ በአቃቂ የፋብሪካ ፍሳሽ በተጠጣ አትክልት ውስጥ ስለሚገኙት ብረት ነክ ነገሮች የተጻፈ ጥናት «ሲኔት» በተባለው የኢትዮጵያ የሳይንስ መጽሔት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1998 ወጥቷል።

ወንዙስ በክረምት ጎርፍ በመጠኑ ይታጠባል። የባሰው ነገር ያለው ከመሬት በታች ነው። የአቃቂ ምድር እንደ ሰፍነግ ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለ ሆነ ብዙ ውሃ ይይዛል፣ በፍጥነትም ያሳልፋል። ከተማዋ አስቀድማ ውሃዋን ከገፈርሳ፣ ኋላም ከለገዳዲ ስታገኝ ኖራ ይህ ሁሉ አልበቃት ሲል በ1990ዎቹ ዓ.ም. በአቃቂ ጥልቅ ጕድጓዶችን አስቈፈረች። እንግዲህ ነገሩን ልብ በሉ፤ ከተማዋ ቆሻሻዋን ወደ ሰደደችበት አቅጣጫ የሚጠጣ ውሃ ፍለጋ ወረደች። በላዩ የተነጠፈው ዋልካ አፈር ብዙውን ብረት ነክ ነገር አንቆ ያስቀራል፤ ይህ ትልቅ ባለውለታ ነው። ዳሩ ግን ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ከመጸዳጃ ጕድጓድ የሚመጣውን ናይትሬትም ሊያግደው አይችልም።

ይህ ነገር የት እንደሚያደርስ ለማየት በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት ያለችውን ዎበርንን እንመልከት። እርሷም የቆዳ ፋብሪካ ከተማ ነበረች። ውሃ ስላነሳት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1964 እና በ1967 በፋብሪካዎች አካባቢ ሁለት ጕድጓዶች አስቈፈረች። ነዋሪዎቹ ስለ ውሃው ሽታና ጣዕም ደጋግመው አቤት አሉ። በ1979 ግን በውሃው ውስጥ ብረትን ከቅባት ለማጽዳት የሚያገለግል ትራይክሎሮኤትሊን የተባለ ኬሚካል ተገኘና ጕድጓዶቹ ተዘጉ፤ በዚያች ትንሽ ከተማ በደም ካንሰር የተያዙት ሕፃናት ቍጥር ከሚጠበቀው በላይ ሆኖ ነበር። ከዚያ በኋላ የተበከለውን አፈር ማንሣት፣ ውሃውን በመሳቢያ እያወጡ ማጣራትና መልሶ መመርመር ዐሥርተ ዓመታት ፈጀ። ክሮሚየም ሲሆን ዘዴው ለየት ይላል፤ በውሃ ሟሙቶ የሚጓዘውንና መርዛም የሆነውን ዐይነት ከብረት ውሕድ ጋራ በማገናኘት ወደማይሟሟው ዐይነት መለወጥና በቦታው ማስቀረት ይቻላል። በማናቸውም መንገድ ቢሆን የፍሳሹ ምንጭ ሳይቆም የሚጀመር ጽዳት ገንዘብ ማፍሰስ ነው። ደግሞም ዎበርን ጕድጓዶቿን ስትዘጋ ሌላ ውሃ ነበራት፤ ውሃ በፈረቃ የምታድል ከተማ ግን ጕድጓድ መዝጋት ቀላል አይሆንላትም።

በእኛ አገር ብዙ የተሠራው በቤት ፍሳሽ በኩል ነው። በ1970ዎቹ የተሠራው የቃሊቲ ፍሳሽ ማጣሪያ በቀን 7,500 ሜትር ኩብ ያህል ብቻ የሚችል ነበር፤ በምትኩ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2018 የተጠናቀቀው አዲሱ ማጣሪያ 100,000 ሜትር ኩብ እንዲችል ሆኖ ተሠርቷል። ሕግም ወጥቷል፤ ግን ከመጀመሪያው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ወደ አርባ ዓመት ዘግይቶ። የአካባቢ ብክለት ቍጥጥር ዐዋጅ ቍጥር 300/1995 ያቈሸሸው ሰው ራሱ እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ደነገገ።

ይሁንና እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2006 አንድ የባለሙያዎች ማኅበር ስለ አቃቂና ስለ ሞጆ ወንዞች የፌዴራሉን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን በከሰሰ ጊዜ የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ክሱን ሳይቀበለው ቀረ፤ ተጠያቂው ይህ መሥሪያ ቤት አይደለም የሚል ነበር መልሱ። ወንዙ የከተማውን ወሰን አልፎ ወደ ኦሮሚያ ይገባልና ኀላፊነቱም አብሮት ሲሻገር ታየ። መዝገብ ከቢሮ ወደ ቢሮ ሲዞር ያየ የመንግሥት ሠራተኛ ይህን ለመረዳት ሰፊ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ያው ዐዋጅ በ11ኛው አንቀጹ ማንም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው ለባለሥልጣኑ ወይም ለክልሉ መሥሪያ ቤት አቤቱታ እንዲያቀርብ ፈቀደ። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም ውሳኔው ካላረካው በ60 ቀን ውስጥ ክስ መመሥረት እንዲችልም አደረገ።