ሳይቸግር ጤፍ ብድር

የሐይቅ እስጢፋኖሱ አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ1273 ዓ.ም. ያስጻፉት ወንጌል በአገራችን ታሪክ ከታወቁት የብራና መጻሕፍት አንዱ ነው። በየገዳማቱ መጻሕፍት ላይ ማን እንዳስጻፋቸው፣ ለየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደተሰጡ መመዝገብ የቆየ ልማድ ነው። ከምዝገባው ቀጥሎ ብዙ ጊዜ ውግዘት ይመጣል፤ የሰረቀው፣ የፋቀው በጴጥሮስና በጳውሎስ ቃል የተወገዘ ይሁን ይላል። አባቶቻችን የንብረት ነገር አይገባቸውም ነበር የሚል ካለ እነዚህን ገጾች ገልጦ ይይ።

ልብ በሉ ታዲያ፤ ውግዘቱ የሚይዘው ብራናውን የሚወስደውንና ጽሑፉን የሚፍቀውን ነው። ቁጭ ብሎ የሚገለብጠውን አይነካውም። መገልበጥ ጽድቅ ነበርና። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የገዳማቱ መጻሕፍት፣ የሐይቆቹም ጭምር፣ በማይክሮ ፊልም ሲነሡ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፣ ሌላው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ገባ። ብራናዎቹ ከቦታቸው ሳይነቃነቁ ቃላቸው ባሕር ተሻገረ። ለምርምር ትልቅ ውለታ ነው። ግን አንድ ነገር ያስተምረናል፤ ዕቃውን መጠበቅና በዕቃው ውስጥ ያለውን ዕውቀት መጠበቅ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶቻችን የለመዱት የመጀመሪያውን ነው። ወንበርና ጠረጴዛው ሁሉ ቁጥር ተለጥፎበታል። በወረቀት የሚወጣውን ዕውቀት ግን የሚቆጥረው የለም።

ከሐይቅ የወልድያን መንገድ ይዘን ትንሽ ብንሄድ የአምባሰሏን ውጫሌ እናገኛለን። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው ምኒልክ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚያደርጉት ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት ሊጠቀሙ ይችላሉ አለ፤ በጣልያንኛው ግን ግዴታ ሆነ። የዚያን አንድ ቃል ዕዳ ዐድዋ ላይ በደም ከፈልነው። ከዚያ በኋላ ውል አጥብቀን የምናነብ ሕዝብ መሆን ነበረብን። ሆንን ወይ?

በ1997 ዓ.ም. ሁለት የመንግሥት ተቋማት፣ የብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩትና የግብርና ምርምር ድርጅት፣ ስለ ጤፍ ከአንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር የአሥር ዓመት ውል ተፈራረሙ። ኩባንያው ዘሩን ይጠቀማል፣ ኢትዮጵያም ከትርፉ ትካፈላለች ተባለ። የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀትን የሚመለከተው የፓተንት ማመልከቻ ግን ኔዘርላንድስ ውስጥ የገባው ከውሉ በፊት፣ በ1995 ዓ.ም. ነበር። በጥር 1999 ዓ.ም. የአውሮፓ ፓተንት ተሰጠው። ከሐሳቦቹ አንዱ ጤፉ ከታጨደ በኋላ ቆይቶ ቢፈጭ ዱቄቱ ለመጋገር ይሻላል የሚል ነው። ይህን ለአንዲት የተሁለደሬ እናት እንደ አዲስ ግኝት ብንነግራት ምን እንደምትለን መገመት አያዳግትም።

ኩባንያው በ2001 ዓ.ም. ከሰረ። ውሉ አብሮት ሞተ፤ ፓተንቱ ግን በሌላ ስም እጅ ሆኖ ኖረ። ኢትዮጵያ በጥሬ ገንዘብ ያገኘችው 4,000 ዩሮ ገደማ ነው። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የሄግ ፍርድ ቤት የኔዘርላንድሱን ፓተንት የፈጠራ ብቃት የለውም ብሎ ሻረው። እሰይ! ግን ተከራክሮ ያሻረው ማን ነበር? በፓተንቱ ባለቤት የተከሰሰ ሌላ ኩባንያ። ባለ ጤፎቹ ከችሎቱ ውጭ ነበርን። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው።

ፈራሚዎቹ ክፉዎች ነበሩ አልልም። ዘር ማወቅ ሌላ፣ የፓተንት አንቀጽ ማንበብ ሌላ ነው። የማኅበረሰብን ዕውቀት የሚጠብቀው አዋጅ ቁጥር 482 እንኳ የወጣው ከፊርማው በኋላ፣ በ1998 ዓ.ም. ነው።

በዚያው ሰሞን ግን በዚሁ መንግሥት ሌላ ቢሮ ውስጥ ሌላ ታሪክ ይሠራ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 320/1995 የተቋቋመው የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ይርጋ ጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉት የቡና ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት ሆነው እንዲመዘገቡ በ1997 ዓ.ም. አመለከተ። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። ክርክሩ ዓለምን አነጋገረ። በሰኔ 1999 ዓ.ም. ስታርባክስ ለስሞቹ ዕውቅና የሚሰጥ ስምምነት ፈረመ። አገሩ አንድ፣ ዓመቱ አንድ፤ አንዱ ቢሮ ይዞ የገባውን ዕውቀት ሌላው አልያዘም። እኔ እንደሚታየኝ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ዕውቀቱ በአንድ ቢሮ ተቀምጧል፤ ውል የሚፈረመው ግን በሁሉም ቢሮ ነው።

ስለዚህ ለመንግሥት ሠራተኞች የአእምሯዊ ንብረት ሥልጠና ይሰጥ ሲባል ደስ ይለኛል፣ ትንሽም እሰጋለሁ። ሥልጠና ሲባል የምናውቀው ነገር አለ እኮ፤ አዳራሽ፣ ውሎ አበል፣ የሻይ ዕረፍት፣ በመጨረሻም የቡድን ፎቶ። ሰልጣኙ የአዋጅ ቁጥሮች ሸምድዶ ይመለሳል፤ ጠረጴዛው ላይ የሚጠብቀውን ውል ግን እንደ በፊቱ ይፈርማል።

አምባሰልን እንውሰድ። ከአራቱ ታላላቅ ቅኝቶቻችን አንዱ በዚህ ምድር ስም ይጠራል። የባህል ቢሮ ባለሙያ መቅረጸ ድምፅ ይዞ አንድ አረጋዊ ባለ ማሲንቆ ቤት ሄደ እንበል። ቅኝቱ የማንም የግል ንብረት አይደለም። የዚያ ቀን አዘፋፈን ግን የአረጋዊው ነው፤ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኝ መብት ሰጥቶታል። ባለሙያው በሥራው የጻፈው ጥናት ደግሞ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የኢኮኖሚ መብቱ የመሥሪያ ቤቱ፣ በስሙ የመጠራት መብቱ የራሱ ነው። ነገ አንድ የውጭ ድርጅት መጥቶ ቅጂውን ስጡኝ ቢል ማን ይፈቅዳል? አረጋዊው ምን ይደርሳቸዋል? ስማቸውስ የት ይጻፋል? መልሱ ከቀረጻው በፊት በአንድ ገጽ ወረቀት ካልሰፈረ በኋላ አይገኝም።

ሥልጠናው ከዚህ ቢጀምር ምን አለበት? ሰልጣኙ የመሥሪያ ቤቱን አንድ እውነተኛ ውል ይዞ ይምጣ፤ አንቀጽ በአንቀጽ ይነበብ፤ ምን ሰጠን፣ ለስንት ዓመት፣ ሰውየው ቢከስርስ ተብሎ ይጠየቅ። በ1997 ዓ.ም. በጤፉ ውል ላይ መጠየቅ የነበረባቸው እነዚሁ ነበሩ። ከአሰልጣኙ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ማን ይሠልጥን የሚለው ነው። ወረቀቱን የሚያረቀው ወጣት ብቻ ሠልጥኖ፣ ማኅተሙን የያዘው ኃላፊ ስብሰባ አለብኝ ብሎ ከቀረ፣ የሚቀጥለውንም ውል የሚፈርመው ያልሠለጠነው ነው።