ድጥና ማጥ፦ በከሚሴ መንገድ የታየው የጎማ ልጓም ታሪክ

«ከድጡ ወደ ማጡ» የሚለው ተረት ዘወትር የሚነገረው ከአንድ መከራ ወጥቶ ወደ ባሰ መከራ ለገባ ሰው ነው። ተረቱን ያወጣው ሕዝብ ግን ሁለቱን ቃላት የለያያቸው በከንቱ አይደለም። ድጥ ከሥሩ ጠንክሮ ላዩ ብቻ የሚያንሸራትት መሬት ሲሆን፥ ማጥ ግን ከሥሩም የላመ፥ የረገጠውን ሁሉ የሚውጥ ነው። በድጥ ላይ እርምጃውን የሚያሳጥር ሰው ይድናል፤ በማጥ ውስጥ ግን ቀስ ብሎ የቆመ ሰው ይሰምጣል። ይህ ልዩነት ለእግረኛ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። የተሽከርካሪ መሐንዲሶች ግን ለሁለቱ አንድ መድኃኒት መኖሩን ለማወቅ ብዙ ዘመን ደክመው፥ በመጨረሻ ያገኙት መልስ እንደሌለ ነው።

ይህን እውነት በአንድ ቀን ጉዞ ለማየት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ የሚያህል ትምህርት ቤት አይገኝም። መንገዱ በጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ደጋ፥ ጭጋግና ካፊያ ከማይለየው ገደል አፋፍ ተነሥቶ፥ በደብረ ሲና አድርጎ ወደ ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። ከዚያም ሰንበቴን አልፎ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ዋና ከተማ ወደ ሆነችው ወደ ከሚሴ ይደርሳል። ከአዲስ አበባ ወደ 325 ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው ከሚሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,400 ሜትር ዝቅ ብላ በቦርከና ወንዝ ሸለቆ የተቆረቆረች ናት። በአቅራቢያዋ የተንጣለለው የጨፋ ረግረግ በበጋ ለኦሮሞና ለአፋር አርብቶ አደሮች ከብት ሣርና ውሃ ይሰጣል፤ በዝናብ ወራት ግን የሸለቆው ጥቁር አፈር ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፥ ከጎማም ጋር እንደ ሊጥ ይጣበቃል። እንግዲህ ከላይ ያለው ድጥ፥ ከታች ያለው ማጥ መሆኑ ነው።

መኪና ከዚህ መሬት ጋር ያደረገው ትልቁ ግጥሚያ የተመዘገበው በ1928 ዓ.ም. ነው። ማርሻል ባዶሊዮ ደሴን ከያዘ በኋላ ሚያዝያ 18 ቀን ከ1,700 በላይ ተሽከርካሪዎችን አሰልፎ፥ በቦርከና ሸለቆ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ ተንቀሳቀሰ። ጉዞው «የብረት ፈቃድ ጉዞ» የሚል ስም ወጥቶለት ነበር። ብረቱ ግን በልግ ዝናብ ላይ ወደቀ። ከአውሮፓና ከአሜሪካ ፋብሪካዎች የተሰበሰበው ያ ሁሉ ካሚዮን የጣርማ በርን አቀበት ሲጀምር መንገዱ ተቆርጦ፥ የቀረውም በጭቃ ተለውሶ ስለ ቆየው፥ ወታደሮቹ አካፋና ዶማ ይዘው ሲቆፍሩ፥ መኪናውንም በገመድና በትከሻ ሲገፉ ሰነበቱ። በዚያ መካከል በእግር እንዲሄዱ የታዘዙት የኤርትራ ተወላጆች ወታደሮች ጭቃውን ተሻግረው ገሠገሡ። ኃይለ ማርያም ማሞ በጫጫ አደጋ ጥሎ ቢያቆስላቸውም፥ ሞተሩ ሳይደርስ እነርሱ ከአዲስ አበባ አፋፍ ደረሱ። የመኪናው ሰልፍ ከተማይቱን የረገጠው ሚያዝያ 27 ቀን ነው።

የመኪና ባለሙያ ከዚህ ታሪክ የሚማረው አንድ ግልጽ ነገር አለ። በዚያ ሰልፍ ውስጥ የጐደለው የሞተር ጉልበት አልነበረም። የጐደለው የጎማና የመሬት መያያዝ ነው። ጎማ በደረቅ አስፋልት ላይ ከተሸከመው ክብደት ከአሥር እጅ ሰባት ወይም ስምንት የሚሆን ኃይል ለመግፊያ ሊያውል ይችላል፤ አስፋልቱ ሲረጥብ ይህ ወደ አራት ወይም አምስት፥ በረዶ ላይ ሲሆን ወደ አንድ ይወርዳል። ሞተሩ ከዚህ በላይ የሚልከው ጉልበት ሁሉ መኪናውን አያንቀሳቅስም፤ ጎማውን በቆመበት ያሽከረክረዋል እንጂ።

ለዚህ ችግር የመጀመሪያው መልስ መሬቱን መለወጥ ነበር። በወረራው ዘመን በጣርማ በር 587 ሜትር ርዝመት ያለው ዋሻ ተፈልፍሎ መንገዱ ከአፋፉ በታች አለፈ። ከነፃነት በኋላም በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን የፈራረሱትን ዋና ዋና መንገዶች የመጠገንና አዳዲስ የመሥራት ኃላፊነት ወሰደ። ጥቁሩ አፈር ተነሥቶ በገረጋንቲ ሲተካ፥ በላዩ ኮረትና አስፋልት ሲነጠፍ፥ ቦዩም ውሃውን ሲያስወግድ፥ ማጡ ወደ ድጥነት ተለወጠ። ይህ ትልቅ ድል ነው፤ ከሥሩ ጠንካራ በሆነ መሬት ላይ የሚፈለገው ጥንቃቄ ብቻ ነውና። አስፋልቱ ያልደረሰባቸው የገጠር መንገዶች ግን በቀድሞ ጠባያቸው እንደ ጸኑ ቀርተዋል።

ሁለተኛው መልስ የሾፌሩና የረዳቱ ጥበብ ነበር። ሾፌሩ አቀበቱን ከመጀመሩ በፊት ማርሹን ቀንሶ፥ ቤንዚኑን ወይም ናፍጣውን ቆጥቦ እየሰጠ፥ ፍሪሲዮኑን በዝግታ እየለቀቀ ጎማው እንዳይፈተለክ ይጠብቅ ነበር። ረዳቱ ደግሞ ታኮውን ተሸክሞ ከኋላ ይሮጣል፤ መኪናው ወደ ኋላ ሲያመነታ ከጎማው ሥር ያስገባዋል። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ በባቲ ለተጠለለው ሕዝብና ከዚያም በሰሜን ለነበረው ሁሉ እህል የደረሰው በእነዚህ መንገዶች በሚመላለሱ ካሚዮኖች ስለ ነበር፥ የአንድ ሾፌር እግር ቤንዚን መስጫው ላይ መክበዱ ወይም መቅለሉ የግል ጉዳይ ብቻ አልነበረም። በጭቃ ተይዞ ያደረ እህል ለተራበ ሰው እንዳልተላከ ይቈጠራል።

ሦስተኛው መልስ ይህን የእግር ጥበብ ለመሣሪያ ማስተማር ሆነ። የነገሩ ሥር ዲፈረንሻል ነው። ፈረንሳዊው ኦኔሲፎር ፔኬር እ.ኤ.አ. በ1827 ለእንፋሎት ሠረገላ የፈለሰፈው ይህ የጥርስ ስብስብ መኪና ሲታጠፍ ሁለቱ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ ይፈቅዳል። ነገር ግን አንዱ ጎማ በጭቃ ላይ ሲሆን ጉልበቱ ሁሉ ወደዚያ ወደ ሰነፉ ጎማ ይፈስሳል፤ ደረቅ መሬት የረገጠው ብርቱው ጎማ ሥራ ፈቶ ይቀራል። ይህንን ለማረም የሚቆለፍ ዲፈረንሻልና በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ተሠሩ። ከዚያም የቦሽ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1978 ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለውን በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራ መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። በ1986 ደግሞ ያው የጎማውን ፍጥነት የሚለካ ዓይን በተቃራኒው እንዲሠራ ተደረገ፤ ይኸውም መኪናው ሲነሣ ጎማ ከመጠን በላይ ቢፈተለክ የሞተሩን ጉልበት እንዲቀንስና ያንን ጎማ በፍሬን እንዲይዝ ነው። ትራክሽን ኮንትሮል የሚባለው ይህ ነው። የጎማ ልጓም ቢባል አይበዛበትም። ፈረስ በልጓም እንደሚገታ እንጂ በልጓም ጉልበት እንደማይጨመርለት ሁሉ፥ ይህም መሣሪያ ያለውን መያያዝ ከብክነት ያድናል እንጂ የሌለውን አይፈጥርም።

የጎማው ልጓም እጅግ የጠበቀው በሃይብሪድ መኪና ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 1997 በጃፓን ለገበያ በቀረበው በቶዮታ ፕሪየስ ውስጥ የቤንዚን ሞተርና ሁለት የኤሌክትሪክ ሞተሮች በአንድ የጥርስ ስብስብ ተያይዘዋል፤ በመካከላቸው እንደ ቀድሞው መኪና ሾፌሩ የሚጫነው ፍሪሲዮን የለም። የኤሌክትሪክ ሞተር ገና ከቆመበት ሙሉ ጉልበቱን ይሰጣል። በመሆኑም ጎማው በድጥ ላይ በድንገት ተፈትልኮ መልሶ ደረቅ መሬት ቢይዝ፥ ድንጋጤው በቀጥታ ወደ ጥርሶቹና የኤሌክትሪክ ኃይሉን ወደሚቈጣጠረው ክፍል ይደርሳል። መሐንዲሶቹ ይህን ፈርተው፥ መፈተለክ በታየ ቅጽበት ጉልበቱ እንዲቋረጥ አደረጉ። በረዶ በሚበዛባቸው አገሮች የሚኖሩ የቀደምት ሞዴሎች ባለቤቶች ግን ቅሬታ አሰሙ፤ በትንሽ አቀበት ላይ ቤንዚን መስጫውን ቢረግጡም መኪናው እምቢ ብሎ ይቆም ነበርና። መሣሪያው የተፈጠረው ራሱንና መኪናውን ለመጠበቅ ነው፤ ሾፌሩን ከተያዘበት ለማውጣት አልነበረም። በኋላ የመጡት ሞዴሎች ጉልበቱን በድንገት ከመቁረጥ ይልቅ ቀስ በቀስ መቀነስን ተምረዋል፤ በብዙ መኪናዎችም ላይ ልጓሙን ለጊዜው የሚያላላ ቁልፍ ተጨምሯል።

ይህ ታሪክ ወደ ከሚሴ ሲመለስ ትርጉሙ ይጐላል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ ብቻ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በመንገዱ ላይ የኤሌክትሪክ ሞተር ያላቸው መኪናዎች እየተበራከቱ ነው። እንዲህ ያለ መኪና ከጣርማ በር በእርጥብ አስፋልት ሲወርድ ልጓሙ የሾፌሩ ታማኝ ረዳት ነው። በጠንካራ መሬት ላይ ጎማው ከመኪናው ፍጥነት ከ10 እስከ 20 በመቶ ብቻ በልጦ ሲዞር ከሁሉ ይበልጥ ቆንጥጦ ይይዛል፤ መሣሪያውም የሚጠብቀው ይህንን ልክ ነው። ያው መኪና ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ በጨፋ ጥቁር አፈር ላይ ሲገባ ግን ሕጉ ይለወጣል። በማጥ ውስጥ ጎማ ጥርሱን የሞላውን ጭቃ አራግፎ ከሥር ያለውን ጠንካራ መሬት ለመድረስ መፈተል አለበት። በዚያ ሰዓት የሚገታ ልጓም መኪናውን ያስራል፤ ያለ ልክ የተለቀቀ ጎማም መኪናውን እስከ ሆዱ ይቀብረዋል።

ስለዚህ የሙያው ባልደረባ መኪና ለባለቤቱ ሲያስረክብ ሊያስረዳው የሚገባ ነገር አለ። በዳሽቦርዱ ላይ ብልጭ ድርግም የሚለው ቢጫ መብራት ልጓሙ በሥራ ላይ መሆኑን፥ ሳይጠፋ የሚቆየው ግን መሣሪያው መዘጋቱን ወይም መበላሸቱን ያመለክታል። መብራቱ ብልጭ ሲል መልሱ እግርን ማቅለል እንጂ ይበልጥ መርገጥ አይደለም። ጭቃ ከመግባት በፊት ፍጥነትን መጥኖ ሳያቋርጡ ማለፍ፥ ከተያዙም ጭቃውን ጠርጎ ድንጋይ ወይም ቅጠል ከጎማው ሥር ማንጠፍ፥ የማጥፊያ ቁልፍ ካለ ለመውጫ ብቻ ተጠቅሞ አስፋልት ላይ እንደ ደረሱ መመለስ ይገባል። ጥርሱ ያለቀ ጎማ ካለ ግን ከዚህ ሁሉ አንዱም አይረዳም፤ መሬትን የሚነካው ኮምፒዩተሩ ሳይሆን ጎማው ነው።

በ1928 ዓ.ም. በጣርማ በር ጭቃ የተያዘው ሰልፍ ጉልበትን ተማምኖ ነበር። ዛሬ በዚያው መንገድ የሚያልፈው መኪና በሰከንድ ብዙ ጊዜ የጎማውን ፍጥነት ይለካል፤ ነገር ግን የረገጠው ድጥ ይሁን ማጥ ዘወትር ለይቶ አያውቅም። ያንን የሚያውቀው ከመኪናው ወርዶ መሬቱን በእግሩ የሚመረምር ሾፌርና ይህን ያስተማረው ባለሙያ ነው።