የሞጆ ባቡር ጣቢያና የአርሶ አደሩ ገበያ

ሞጆ ዛሬ በይበልጥ የምትታወቀው በደረቅ ወደቧና ወደ ሐዋሳ በሚገነጠለው መንገዷ ነው። ከእነዚህ ቀደም ብሎ ግን ከተማዋን ከሩቅ ገበያ ጋር ያስተሳሰራት ባቡር ነበር።

እንደሚታወቀው ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የባቡር ሐዲድ እንዲዘረጋ ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ቢደርስም፣ ኩባንያው በገንዘብ እጦት በመክሰሩ ሥራው ለዓመታት ተቋረጠ። በ1900 ዓ.ም. በተሰጠ አዲስ ፈቃድ ግንባታው ቀጥሎ፣ ሐዲዱ አዋሽን ተሻግሮ፣ አዳማንና ሞጆን አልፎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። የመስመሩ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ በሌሊት ስለማይጓዝ፣ ከጅቡቲ የተነሳ መንገደኛ ድሬዳዋና አዋሽ እያደረ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይደርስ ነበር። ያም ሆኖ በበቅሎና በግመል ሳምንታት ይፈጅ ከነበረው ጉዞ ጋር ሲነጻጸር ለውጡ እጅግ ከፍተኛ ነበር። ጣቢያ ባለበት ሁሉ ሰውም እህልም አብሮ ይሰባሰባል።

ይሁን እንጂ ሐዲድ በደጅ ማለፉ ብቻውን አርሶ አደሩን ተጠቃሚ አያደርገውም። አንድ አርሶ አደር በራሱ ምርት ብቻ አንድ ፉርጎ አይሞላም። ፉርጎ የሚሞላው መጋዘንና ገንዘብ ያለው ነው። መጋዘን የሌለው አምራች እህሉን በአጨዳ ሰሞን፣ ዋጋው በወረደበት ጊዜ ለመሸጥ ይገደዳል።

አሮጌው ባቡር እየተዳከመ ሄዶ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ወደ አዲስ አበባ መምጣቱን አቆመ። በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ፣ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ጀመረ። በዚህኛውም መስመር ሞጆ ጣቢያ አላት።

እንግዲህ ባቡር ለሁለተኛ ጊዜ ወደ አካባቢያችን መጥቷል። በዚህኛው ዘመን አርሶ አደሩ ምርቱን በጋራ መጋዘን አከማችቶ፣ አበጥሮና መዝኖ በብዛት ለገበያ እንዲያቀርብ ማስቻል የኅብረት ሥራ ማኅበራትና የዩኒየን ድርሻ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ! የመስተዳድር አካላትም መጋቢ መንገዶችን በመጥረግ ሊያግዙን ይገባል። በአሮጌው ባቡር የተጓዙና የነገዱ አዛውንቶች በሕይወት ሳሉም ትዝታቸው ተመዝግቦ ለትውልድ ቢተላለፍ መልካም ነው።