የኬንያ ባሕር ዳርቻ ሕዝቦች ትውፊትና የቪጋንጎ ምስሎች ጥበቃ

በኬንያ የሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ የሚኖረው የሚጂኬንዳ ሕዝብ ጊርያማ፣ ዲጎ፣ ዱሩማ፣ ራባይ፣ ሪቤ፣ ካምቤ፣ ካውማ፣ ጂባናና ቾኒ የተባሉ ዘጠኝ ማኅበረሰቦችን ያቀፈ ነው። የሕዝቡ ትውፊት መሠረት "ካያ" በመባል የሚታወቁት በደን የተከበቡ ጥንታዊ የተመሸጉ መንደሮች ናቸው። ካያዎቹ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የተቆረቆሩ ሲሆን፣ እስከ 1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ ነዋሪዎቻቸው ለቀዋቸው ወጥተዋል። ይሁን እንጂ ደኖቹ የአባቶች መንፈስ ማደሪያና የጸሎት ሥፍራ ሆነው በሽማግሌዎች ጠባቂነት እስከ ዛሬ ዘልቀዋል።

የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) በ200 ኪሎ ሜትር ርዝመት ላይ ተበታትነው የሚገኙትን የካያ ደኖች እ.ኤ.አ. በ2008 በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። በተከታዩ ዓመትም ከካያዎቹ ጋር የተያያዙት ሥርዓቶችና ልማዶች አስቸኳይ ጥበቃ በሚያስፈልጋቸው የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ እንዲሰፍሩ ተደርጓል።

የቪጋንጎ ምስሎች

ከሕዝቡ የእጅ ጥበብ ሥራዎች መካከል በጊርያማዎች ዘንድ የሚታወቁት ቪጋንጎ የተባሉ የእንጨት ምስሎች ይጠቀሳሉ። ምስሎቹ "ጎሁ" የተሰኘው ማኅበር አባል ለነበሩ ሟቾች መታሰቢያነት ተቀርጸው የሚተከሉ ናቸው። በባህሉ መሠረት አንድ ጊዜ የተተከለ ምስል ከቦታው አይነሳም፤ ቤተሰቡ ወደ ሌላ አካባቢ ቢዛወርም እንኳ ምስሉ በዚያው ቆሞ ይቀራል።

ይኸው ልማድ ለዘራፊዎች በር ከፍቷል። ጠባቂ ያልነበራቸው በርካታ ምስሎች እየተነቀሉ ለጎብኚዎችና ለነጋዴዎች የተሸጡ ሲሆን፣ በአሜሪካ በሚገኙ ሙዚየሞች ብቻ ከ400 በላይ እንደነበሩ የዘርፉ ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል።

ፎቶግራፍ እንደ ማስረጃ

ተመራማሪዋ ሞኒካ ኡድቫርዲ እ.ኤ.አ. በ1985 አንድ የጊርያማ አባወራን ለወንድሞቹ ባስተከላቸው ሁለት ምስሎች ፊት ፎቶግራፍ አነሱ። ፎቶግራፉን ለመስጠት በተመለሱ ጊዜ ግን ምስሎቹ ተሰርቀው ነበር። ከዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1999 ተመራማሪዋ ሊንዳ ጃይልስ በአንድ የጥናት ጉባዔ ላይ ካሳዩዋቸው ምስሎች አንዱ ከሁለቱ አንዱ ሆኖ ተገኘ። ሁለተኛውም በሌላ የአሜሪካ ተቋም እንደሚገኝ ታወቀ። ምስሎቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ለቤተሰቡ የተመለሱ ሲሆን፣ ለዚህም ፎቶግራፉ ወሳኝ ማስረጃ ሆኗል።

ከዚያ ወዲህ የዴንቨር የተፈጥሮና ሳይንስ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2019 ሰላሳ፣ የኢሊኖይ ግዛት ሙዚየም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 ሠላሳ ሰባት ምስሎችን ለኬንያ አስረክበዋል። ሆኖም ብዙዎቹ ከየትኛው ቤተሰብና መንደር እንደተወሰዱ የሚያሳይ መረጃ ስለሌላቸው፣ ወደ ተተከሉበት ቦታ መመለስ አስቸጋሪ ነው።

የጥበቃ ሥራው

የኬንያ ብሔራዊ ሙዚየሞች ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ የባሕር ዳርቻ ደኖችን የሚንከባከብ ክፍል አቋቁሞ ከካያ ሽማግሌዎች ጋር ሲሠራ ቆይቷል። በርካታ ካያዎችም በብሔራዊ ቅርስነት ታውጀዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ሕግ ደግሞ ለባህላዊ ዕውቀትና ለባህል መገለጫዎች ጥበቃ ይሰጣል። ይህም ሆኖ የመሬት ሽሚያ፣ የወጣቶች ከትውፊቱ መራቅና አረጋውያንን በጥንቆላ እየወነጀሉ ማጥቃት ሥርዓቱን አደጋ ላይ ጥለውታል። ሥርዓቱን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ሲያልፉ ከዕውቀታቸው አብዛኛው አብሯቸው ያልፋል።

ለኢትዮጵያ ያለው ትምህርት

በኢትዮጵያም በኮንሶ ለጀግኖች መታሰቢያ የሚቆሙት "ዋካ" የተባሉ የእንጨት ሐውልቶች ተመሳሳይ ዝርፊያ ደርሶባቸዋል። የተረፉትና የተመለሱት የተወሰኑት በኮንሶ ሙዚየም ይገኛሉ። የኬንያው ተሞክሮ እንደሚያስገነዝበው፣ ቅርስን ከመሰረቁ በፊት በፎቶግራፍ፣ በቦታና በባለቤት ስም መመዝገብ በየደረጃው ያሉ የባህል ጽሕፈት ቤቶች በአነስተኛ ወጪ ሊፈጽሙት የሚችሉት ተግባር ነው። ምዝገባው ግን ብቻውን በቂ አይሆንም፤ የቅርሱን ትርጉም የሚያውቁት ሽማግሌዎች ቃል በሕይወት ሳሉ ተመዝግቦ ለማኅበረሰቡ መመለስ ይኖርበታል።