በሕክምና ምርመራ ምስል ላይ በታካሚ እንቅስቃሴ የሚፈጠር ብዥታ፦ ለተገልጋዮች የተዘጋጀ መረጃ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በሀና ማርያምና አካባቢው የሚኖር ታካሚ ለኤክስሬይ፣ ለሲቲ ስካን ወይም ለኤምአርአይ ምርመራ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ከጤና ጣቢያ በተሰጠው የሪፈር ወረቀት ነው። ሪፈሩ በአቃቂ ቃሊቲ ወደሚገኘው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልም ይሁን በከተማዋ ሌላኛው ጫፍ ወዳለው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል፣ ታካሚው ወረፋ ጠብቆ፣ የትራንስፖርት ወጪ አውጥቶና ከሥራ ቀርቶ የሚያገኘው ምስል ደብዝዞ ለምርመራ የማይበቃ ከሆነ ድካሙ ሁሉ እንደገና ይጀምራል። ለዚህ ዓይነቱ ጉዳት ዋነኛ ከሆኑት ምክንያቶች አንዱ በምርመራው ወቅት የሚፈጠር የሰውነት እንቅስቃሴ ሲሆን፣ አብዛኛው በቅድመ ዝግጅት ሊቀነስ የሚችል ነው።

የብዥታው መጠን የሚወሰነው አካሉ በተንቀሳቀሰበት ፍጥነትና ምስሉን ለማንሳት በሚወስደው ጊዜ ነው። የደረት ኤክስሬይ የሚነሳው ከአንድ ሰከንድ በጣም ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው። ዘመናዊ የሲቲ ስካን መሣሪያ ደረትን በጥቂት ሰከንዶች ያነሳል። በኤምአርአይ ግን አንዱ የምስል ዙር ብቻ ከ2 እስከ 5 ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ ሲሆን፣ ሙሉው ምርመራ እንደ አካሉ ክፍል ከ20 እስከ 45 ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። በመሆኑም በኤክስሬይ ላይ ምንም ጉዳት የማያደርስ ትንሽ እንቅስቃሴ በኤምአርአይ ላይ ሙሉውን ዙር ሊያበላሽ ይችላል። የኤምአርአይ መሣሪያ መረጃውን በዙሩ ርዝመት ሁሉ ጥቂት በጥቂት እየሰበሰበ በመጨረሻ አንድ ላይ ስለሚያዋቅረው፣ የአንድ አፍታ ሳል የሚያስከትለው ችግር በአንድ ቦታ ብቻ ተወስኖ አይቀርም። እንደ ትንፋሽ ያለ ተደጋጋሚ እንቅስቃሴ ደግሞ የአካሉን ጥላ በምስሉ ላይ ደጋግሞ ያሳርፋል፤ ጥላው ለባለሙያ ዓይን እንኳ ሕመም መስሎ ሊታይ ይችላል።

ከእንቅስቃሴዎች ሁሉ ከፍተኛ ትኩረት የሚሻው ትንፋሽ ነው። ሰው በዝግታ በሚተነፍስበት ጊዜ እንኳ ደረትንና ሆድን የሚለየው ጡንቻ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል፤ ጉበት፣ ኩላሊትና የሳንባ የታችኛው ክፍልም አብረውት ይንቀሳቀሳሉ። በሳንባ ላይ የሚፈለገው እብጠት 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ከሆነ፣ ከራሱ መጠን በሚበልጥ ርቀት ሊንቀሳቀስ ይችላል ማለት ነው። ባለሙያው «አየር ይሳቡ፣ ይያዙ፣ ይተንፍሱ» እያለ የሚያዘው በዚህ ምክንያት ነው። ታካሚው ትእዛዙን በሚሰማበት ቋንቋ መረዳቱን ከመተኛቱ በፊት ማረጋገጥ ይገባል፤ አማርኛ በደንብ የማይሰማ ወይም የመስማት ችግር ያለበት ቤተሰብ ሲኖር አስታማሚው ይህንን አስቀድሞ ማሳወቅ ይኖርበታል። ከቤት ከመውጣት በፊት ለ10 ሰከንድ ያህል ትንፋሽን ይዞ መለማመድም ይጠቅማል። ትንፋሹን ያን ያህል መያዝ የማይችል ሰው ከአቅሙ በላይ እንዲጥር አይጠበቅም። ባለሙያው ዙሩን ማሳጠር ወይም በሌላ ዘዴ ማንሳት እንዲችል ይንገረው እንጂ በሐፍረት ዝም አይበል።

ለረጅሙ የኤምአርአይ ምርመራ ወሳኙ ነገር ምቾት ነው። ጀርባውን ወይም ወገቡን የሚያመው ሰው ለ30 ደቂቃ በጀርባው እንዲተኛ ማዘዝ ብቻውን ውጤት አያመጣም። የሕመም ማስታገሻ ከምርመራው በፊት መውሰድ ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን መጠየቅ፣ ከጉልበት ሥር ትራስ እንዲደረግ ማሳሰብ፣ አስቀድሞ ሽንት ቤት መግባት ያስፈልጋል። ከታክሲ ወርዶ እያለከለኩ መግባትም የራሱን አስተዋጽኦ ስለሚያደርግ ከቀጠሮው ሰዓት ቀደም ብሎ መድረስ ይመከራል። መሣሪያው ከፍተኛ ድምፅ ስላለው የጆሮ መከላከያ ይሰጣል። በጠባብ ቦታ የሚጨነቅ ሰው በእጁ የሚይዘውን የመጥሪያ ቁልፍ አጠቃቀም አስቀድሞ ይጠይቅ። ማሳል፣ መዋጥ ወይም እጅን ማሳረፍ ሲያስፈልግም ድምፁ ጋብ የሚልበትን በሁለት ዙሮች መካከል ያለ ጊዜ መጠቀም የተሻለ ነው።

ሕፃናትን በተመለከተ ወላጆች የሚሸከሙት ኃላፊነት ከፍ ያለ ነው። የጥቂት ሳምንታት ዕድሜ ያለው ጨቅላ ከጠባና በጨርቅ በደንብ ከተጠቀለለ በኋላ በራሱ እንቅልፍ ሊነሳ የሚችልበት ጊዜ አለ። ከዚያ ከፍ ያሉት ሕፃናት ለረጅም ምርመራ የማስተኛ መድኃኒት ሊያስፈልጋቸው ይችላል። በዚህ ጊዜ በተለምዶ የሚሰጠው መመሪያ ንጹሕ ውኃ ከ2 ሰዓት በፊት፣ የእናት ጡት ወተት ከ4 ሰዓት በፊት፣ የዱቄት ወተትና ቀለል ያለ ምግብ ከ6 ሰዓት በፊት እንዲቋረጥ ነው። እዚህ ላይ የተጠቀሰው ሰዓት ከምርመራው በፊት ያለውን የቆይታ ርዝመት እንጂ ቀትር ላይ ያለውን 6 ሰዓት አያመለክትም፤ ስሕተቱ ቀላል ቢመስልም ምግብ ወደ ሳንባ እንዲገባ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ሆስፒታሉ የተለየ መመሪያ ከሰጠ ተፈጻሚ የሚሆነው የሆስፒታሉ ነው። ለኤክስሬይ ሕፃኑን ይዞ መቆም ግድ ሲሆን የሚይዘው ሰው የእርሳስ ሽርጥ መልበስ ይኖርበታል፤ ነፍሰ ጡር ወይም ነፍሰ ጡር ልትሆን የምትችል ሴት ግን መያዝ የለባትም።

ምስሉ በእንቅስቃሴ ከተበላሸ ዳግም ማንሳት ሊያስፈልግ ይችላል። ኤምአርአይ ኤክስሬይና ሲቲ ስካን የሚጠቀሙበት ዓይነት ጨረር ስለሌለው መድገሙ የሚያስከትለው የጊዜና የወጪ ጫና ነው። በኤክስሬይና በሲቲ ስካን ግን እያንዳንዱ ድጋሚ ምስል ተጨማሪ ጨረር ማለት ስለሆነ ባለሙያው ያለ በቂ ምክንያት አይደግምም። የተንቀሳቀሰ ወይም ያሳለ ታካሚ ከመነሣቱ በፊት እዚያው ለባለሙያው ቢናገር፣ የተበላሸውን ክፍል ብቻ ወዲያውኑ ማንሳት የሚቻልበት ዕድል ሰፊ ነው። ወደ ቤት ከተመለሰ በኋላ ግን ጉዳዩ አዲስ ቀጠሮ ይጠይቃል።

በራዲዮሎጂ የውጤት ወረቀት ላይ ምስሉ በእንቅስቃሴ ምክንያት የጥራት ውስንነት እንዳለው ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። ይህ ማለት ሁልጊዜ ምርመራው ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ ብዥታው የተፈለገውን ቦታ ካልነካ ውጤቱ ሊበቃ ይችላል። ታካሚው ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ፊልሙን ወይም ሲዲውን፣ ካለም የቀድሞ ምስሎቹን ይዞ ምርመራውን ወዳዘዘው ሐኪም በመመለስ፣ ሐኪሙ የጠረጠረው ነገር በዚህ ምስል ሊታይ መቻል አለመቻሉን ለይቶ እንዲነግረው መጠየቅ ይችላል።