ስድስት ከሃያ አራት

መምህሩ ጄምስ ኔይስሚት በ1884 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር፣ በማሳቹሴትስ ስፕሪንግፊልድ ከተማ፣ የኮክ ቅርጫት ከሰገነት ላይ ሰቅሎ የጀመረው የቅርጫት ኳስ ጨዋታ፣ ከተመልካቹ ዘንድ ክርክር ተለይቶት አያውቅም። ሰኔ 10 ቀን 2002 ዓ.ም. የሎስ አንጀለስ ሌከርስ ቦስተን ሴልቲክስን በሰባተኛውና በመጨረሻው የፍጻሜ ግጥሚያ 83 ለ79 ሲረታ፣ የሌከርሱ ኮቤ ብራያንት በጨዋታ ከወረወራቸው 24 ኳሶች ያገባው 6 ብቻ ነበርና፣ ደጋፊዎቹ በድሉ እየተደሰቱ በጀግናቸው ነገር ለሁለት ተከፈሉ።

እንደ አንድምታ መምህራን፣ አንዱ ወገን ቡድኑ ከ13 ነጥብ መመራት የተነሣው በባልንጀሮቹ ተጋድሎ ነው፤ ሊፈጸም አንድ ደቂቃ ያህል ሲቀር ወሳኟን ባለሦስት ነጥብ ያገባው ሮን አርቴስት አይደለምን? ሲል፣ ሌላው ወገን ደግሞ እጁ ቢከዳውም ልቡ አልከዳውም፤ 15 የተመለሱ ኳሶችን ለቅሞ፣ በቅጣት ምቶች ጭምር 23 ነጥብ አስቆጥሯል ብሎ ይመልሳል። የፍጻሜው ኮከብነት ክብር ለእርሱ ቢሰጥም ክርክሩ አልተዘጋም።

እኔ ግን፣ የሰው ጽናት የሚመዘነው በተሳካለት ቀን ሳይሆን ባልተሳካለት ቀን ስለሆነ፣ ያችን ሌሊት ከታላላቅ ገድሎቹ እቈጥራታለሁ።